ባሕር ዳር ላይ ትንሽ ሆቴል ሲይዙ ከሆቴሉ በፊት ክፍሉን ይጠይቁ

የጠየቁኝ ባጭሩ ይህ ነው። በጥቅምት መጨረሻ እናትዎንና ሁለት ልጆችዎን ይዘው ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ይመጣሉ፤ ቆይታዎ አራት ሌሊት ነው። እናትዎ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ ግን ቀናቸውን አይጀምሩም። ልጆቹ ጀልባና ፏፏቴ ናፍቀዋል። የያዙት ገንዘብ ከከተማው ወጣ ባለ ትልቅ ሎጅ ሁለት ሌሊት ብቻ ያሳድራል፤ መሀል ከተማ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ ባለ ትንሽ ሆቴል ግን አራቱንም። “የቱን ልምረጥ? ትንሹን ከያዝኩስ እዚያ ደርሼ እንዳልበሳጭ አስቀድሜ ምን ልጠይቅ?” ብለዋል።

በዚህ ከተማ ሆቴሎች እንግዳ ስቀበል ኖሬ አሁን ለሙያው አዲስ የሆኑ ወጣቶችን አሠለጥናለሁ። ሳላወላውል የምነግርዎ ትንሹን እንዲይዙ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ። በትልቅ ሆቴል ክፍሎቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ ሁለተኛ ፎቅ ቢደርስዎ ሦስተኛ ፎቅ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። በትንሽ ሆቴል ግን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ዋጋ፣ አንዱ ክፍል ሐይቁን ሲያይ ሌላው የጄኔሬተሩን ጭስ ማውጫ ያያል። ሰው “ያ ሆቴል ጥሩ ነው” ወይም “አይረባም” ብሎ ሲያወራ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለደረሰው ክፍል ነው። ትንሽ ሆቴል የሚሰጥዎ ትልቁ ጥቅም ደግሞ ይኸው ነው። ስልኩን የሚያነሣው ሰው እያንዳንዱን ክፍል ገብቶበት ያውቀዋል፤ በትክክል ከጠየቁት በትክክል ይመልስልዎታል።

ስለ ቦታው ልጀምር። ባሕር ዳር በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። እንደ ጎንደር ወይም እንደ ደሴ ዳገትና ቁልቁለት አይበዛባትም፤ ጉልበት ለሚያማቸው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀርመን ባለሙያዎች የተነደፈው ፕላን ሰፋፊ መንገዶችን ትቶላታል፤ ዘንባባዎቹም በቀትር ለእግረኛ ጥላ ናቸው። ከጊዮርጊስ አካባቢ የሚነሣ ሰው ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎቹ የሚነሡበት ቦታ፣ ባንኩ፣ ፋርማሲውና ምግብ ቤቱ ሁሉ በእግሩ ይደርስባቸዋል። እናትዎ ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባጃጅ ሳይጠብቁ፣ እርስዎንም ሳይቀሰቅሱ ተሳልመው ይመለሳሉ። ይህን የሚያክል ምቾት የትኛውም ሎጅ አይሰጣቸውም።

ሎጁን ማጣጣሌ አይደለም። አትክልቱ ያምራል፣ ጸጥታው እውነተኛ ነው፣ ልጆች የሚቦርቁበት ሜዳም አለው። ችግሩ ግን ከግቢው በወጡ ቁጥር ተሽከርካሪ መፈለግዎ ነው። ራት ከሆቴሉ ውጭ ለመብላት ቢያምርዎ፣ ማታ ላይ ለልጅ መድኃኒት ቢያስፈልግ፣ እናትዎ ለኪዳን መድረስ ቢፈልጉ ሁሉም በባጃጅ ነው። ባጃጅ ደግሞ ሲመሽ ይቀንሳል። የሰዓት እላፊ ወይም የተሽከርካሪ ማቆሚያ ሰዓት በሚኖርበት ጊዜ ይህ ችግር በእጥፍ ይጨምራል፤ ስለዚህ የትኛውንም ሆቴል ቢይዙ ከመነሣትዎ አንድ ቀን በፊት ደውለው ሰው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚንቀሳቀስ ይጠይቁ። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ይህን ከማንም የተሻለ ያውቃል።

“መሀል ከተማ” የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃዎትም፤ ሁሉም ሆቴል መሀል ከተማ ነኝ ይላል። መናኸሪያ አጠገብ ያለውም መሀል ከተማ ነው፤ ነገር ግን የሩቅ አገር አውቶቡሶች ገና ሳይነጋ ስለሚነሡ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ሞተር ይሞቃል፣ ረዳት ይጣራል። ዓባይ ማዶ ያለው ሆቴል ዋጋው ይቀንሳል፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይም መሻገሩን አቅልሎታል፤ ለእናትዎ ግን በእግር የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ “ከሆቴሉ በር እስከ ጊዮርጊስ በር አንዲት እናት ቀስ ብለው ቢሄዱ ስንት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል? ዋናውን አስፋልት ይሻገራሉ ወይ?” መልሱ “ቅርብ ነው፣ ቅርብ ነው” ብቻ ከሆነ ሌላ ሆቴል ይደውሉ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ክፍሉ እንምጣ።

ከሁሉ በፊት ሆቴሉ የሚተዳደረው ከአልጋ ነው ወይስ ከመጠጥና ከምግብ የሚለውን ይወቁ። ከብዙ ትንንሽ ሆቴሎች ምድር ቤት ምግብና መጠጥ ይሸጣል፤ በአንዳንዶቹ ከአልጋ ኪራይ ይልቅ እሱ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ሆቴል ውስጥ ሙዚቃው የሚዘጋው ደንበኛው ሲሄድ እንጂ እንግዳው ሲተኛ አይደለም። ይህን ለማወቅ “ምድር ቤቱ ምንድን ነው? ዓርብና ቅዳሜ ሙዚቃ እስከ ስንት ሰዓት ነው?” ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ቤቱ ጸጥ ያለ ካፌ ወይም ቁርስ ቤት ብቻ ካለው እሰየው።

ፎቁን በተመለከተ ለእናትዎ አንደኛ ፎቅን እመርጣለሁ። አሳንሰር ያለው ትንሽ ሆቴል ጥቂት ነው፤ ያለውም ቢሆን መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ምድር ቤት ደግሞ የሰው ግርግር ይበዛበታል፤ ትንኝም ወደ እሱ ይቀናዋል። የደረጃውን ቁጥርና የእጅ መደገፊያ ያለው መሆኑን ይጠይቁ። የመታጠቢያ ቤቱንም አይርሱ፤ ደፉ ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሲረጥብ የሚያንሸራትት ሴራሚክ የሆነ መታጠቢያ ለጉልበት ሕመምተኛ አደጋ ነው። አንድ የፕላስቲክ ወንበር ሻወሩ ውስጥ እንዲያስገቡላቸው ያዝዙ። ይህ ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ነው፤ ትንሽ ሆቴል ውስጥ ከተጠየቀ እምቢ የሚል ሰው አላየሁም።

ሌላም ምክንያት አለኝ አንደኛ ፎቅን ለመምረጥ። የከተማው ውሃ በየሰዓቱ ስለማይመጣ ሆቴሎቹ ጣሪያቸው ላይ ሮቶ ይሰቅላሉ። ውሃው በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ከሮቶው ሥር ያለው የላይኛው ፎቅ ግፊቱ ደካማ ነው፤ ታች ያለው ይጠነክራል። እንግዳ ጥሩ እይታ ፈልጎ ላይኛውን ፎቅ ይይዝና “ሻወሩ ይንጠባጠባል” ብሎ ያማርራል። ሙቅ ውሃውም የራሱ ጠባይ አለው። ባብዛኛው በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትንሽ ቦይለር ነው የሚያሞቀው፤ አንድ ሰው በደንብ ታጥቦ ከወጣ ቀጣዩ ሰው እስኪሞቅ ድረስ መጠበቅ አለበት። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ አምፖሉንና የስልክ ቻርጁን ይችላል፤ ቦይለሩን ግን ብዙ ጊዜ አይችለውም። ስለዚህ “ጄኔሬተር አለ?” ብቻ ብለው አይለፉ፤ “ጄኔሬተሩ ቦይለሩን ይሸከማል?” ብለው ይጨምሩ። አይሸከምም ካሉዎት መብራት ባለበት ሰዓት ልጆቹን ቀድመው ያጥቡ።

ስለ አቅጣጫው የምናገረው ከሁሉ ይልቅ የእርስዎን ቤተሰብ ይመለከታል። ሐይቁን የሚያየው ክፍል ብዙ ጊዜ መንገዱንም ያያል። ንጋት ላይ መጋረጃውን ገልጠው ጣናን ማየት፣ ታንኳ በዝግታ ሲያልፍ መመልከት ደስታ ነው፤ ማታ ግን የባጃጁ ድምፅና የሐይቅ ዳር መዝናኛዎቹ ሙዚቃ በዚያው መስኮት ይገባል። ወደ ጓሮ ያለው ክፍል እይታ የለውም፤ እንቅልፍ ግን አለው። እኔ ብሆን ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ክፍሎች በጓሮ በኩል ይዤ ሐይቁን ከሰገነቱ ወይም ከዳርቻው አያለሁ። ጄኔሬተሩ ጓሮ ከተቀመጠ ግን ምክሬ ይገለበጣል፤ ስለዚህ እሱ የት እንደሚቀመጥም ይጠይቁ።

ደግሞ የመጡበት ወቅት ወርኃ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ በየሳምንቱ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለ ሆቴል ያ ዜማ በድምፅ ማጉያ ክፍልዎ ድረስ ይደርሳል። ይህን የማያውቅ እንግዳ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወርዶ እንግዳ ተቀባዩን ይቆጣል። እናትዎ ግን ለዚህ ሌሊት ከአዲስ አበባ ቢመጡ እንኳ አይቆጩም ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ ከቀናትዎ አንዱ ቅዳሜ ከሆነ ለእናትዎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የቀረበውን ክፍል፣ ለልጆቹ ደግሞ ራቅ ያለውን ይያዙ። ጥቅምት 23 ቀን ከቆይታዎ ውስጥ ከወደቀ ደግሞ የጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል ነው፤ ቅጥሩ ከንጋት ጀምሮ ይሞላል፣ የሆቴሎቹ ክፍልም ቶሎ ያልቃል።

አጎበርን በተመለከተ አልለሳለስም። ባሕር ዳር ወባ አለ፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ደግሞ የሚበረታበት ነው። አጎበር የሌለው ክፍል፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ልጆችዎን አያስተኙበት። ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ አጎበሩን ዘርግተው ወደ ብርሃን ያዙት፤ ቀዳዳው የሚታየው ያኔ ነው። ጫፉ ከፍራሹ ሥር የሚገባ መሆኑንም ይዩ፤ አጭር አጎበር ትንኙን ከልጁ ጋር አብሮ ይዘጋበታል። መስኮቱን 12 ሰዓት ሳይሞላ ይዝጉ። አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ከቤተሰቡ አንዱን ትኩሳት ቢይዘው፣ ሳምንትና ሁለት ሳምንት አልፎም ቢሆን፣ ለሐኪሙ ከባሕር ዳር መምጣትዎን ይንገሩት። አዲስ አበባ ውስጥ ወባ ወዲያው ትዝ ላይል ይችላል።

ስልኩን ሲደውሉ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ይሁን። በዚያ ሰዓት የወጣው እንግዳ ወጥቷል፣ የሚገባው አልመጣም፤ እንግዳ ተቀባዩ ደብተሩን ገልጦ ክፍል ለመምረጥ ጊዜ ያገኛል። ማታ ከደወሉ የሚያነሣው ብዙ ጊዜ የሌሊት ጠባቂ ወይም አስተናጋጅ ነው፤ “አለ፣ ይምጡ” ይልዎታል፤ ጠዋት ሌላ ሰው ተረኛ ሲሆን የተባለውን የሚያውቅ አይገኝም። የተስማሙበትን የክፍል ቁጥር፣ የሌሊቱን ብዛትና ዋጋ፣ ያነጋገሩትን ሰው ስም በአጭር መልእክት መልሰው ይላኩለት። ያች መልእክት ደርሰው “ያ ክፍል ተይዟል” ሲባሉ የሚያሳዩት ናት። ቀብድ ከጠየቁ የአንድ ሌሊት ክፍያ ተገቢ ነው፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ወደ ሆቴሉ ስም ይላኩ እንጂ ወደ ግለሰብ ስልክ አይላኩ። ዋጋው 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ያካተተ መሆኑን፣ የአገልግሎት ክፍያ የሚታከል ካለም እሱን ጨምረው፣ “ጠቅላላ የምከፍለው ስንት ነው?” ብለው ይዝጉት። ለልጆቹ ተጨማሪ ፍራሽ የሚያስከፍል መሆኑንም በዚያው ይወቁ።

ቁርስን ማንም አስቀድሞ አይጠይቅም፤ እርስዎ ግን ይጠይቁ። እናትዎ ጽጌን የሚጾሙ ከሆነ፣ ወይም ቆይታዎ ረቡዕና ዓርብን ካካተተ፣ በዋጋው ውስጥ ያለው ቁርስ እንቁላልና ወተት ብቻ ሆኖ እንዳይጠብቃቸው “የጾም ቁርስ አለ?” ይበሉ። የሚጀምርበትም ሰዓት ወሳኝ ነው፤ ጀልባው ማለዳ ስለሚነሣ።

ጀልባው ማለዳ የሚነሣው በምክንያት ነው። ጣና ጠዋት ጠዋት የረጋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ጀልባውን ያነጥራል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ነፋሱን የሚገታ ነገር የለም። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥተው እኩለ ቀን ሳይሞላ የሚመለሱበትን መንገድ ይምረጡ። ሆቴሉ ጀልባ ቢያዘጋጅልዎ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ዋጋው ለሰው ነው ወይስ ለጀልባው የሚለውን ይለዩ፤ የገዳማቱ መግቢያም ለብቻው ነው። ላይፍ ጃኬት በልጅ ልክ መኖሩን ሳያዩ ልጆቹን አያሳፍሩ።

የት ይሂዱ ቢሉኝ ለእናትዎ ወደ ሐይቁ ገብቶ የተዘረጋውን የዘጌን ምድር እመርጣለሁ፤ እዚያም የአዝዋ ማርያምን ገዳም። ከጀልባው መውረጃ ቅርብ ነው፤ ሥዕሎቹም ያማሩ ናቸው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይበልጥ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በቡናው ጥላ ሥር የሚያስኬደው መንገድ ድንጋያማና ዳገት ስለሆነ ለጉልበታቸው ይከብዳል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የተባሉት የደሴት ገዳማት ሴት አይገባባቸውም፤ ባለጀልባው ቢያግባባዎ እናትዎ ከጀልባ ላይ ሆነው ነው የሚሳለሙት።

ፏፏቴው ያለበት ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጡበት ወቅት ለዚህ ጥሩ ነው፤ ክረምቱ የሞላው ሐይቅ ገና አልጎደለም። በበጋ ግን ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ ሰው ፎቶ ላይ ያየውን አያገኝም። ወደ ፏፏቴው ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ በጥንታዊው የድንጋይ ድልድይ በኩል በእግር የሚኬደው ነው፤ ለልጆችዎ ጥሩ ሲሆን ለእናትዎ አይሆንም። ሌላው ወንዙን ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ በሜዳው የሚያልፈው ነው፤ እሱን ይጠይቁ።

ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ እንዋኝ ማለታቸው አይቀርም። አይፍቀዱላቸው፤ የጣና ዳርቻ የቢልሃርዚያ ትል አለበት፤ እግር ነክሮ መቆምም ያጋልጣል። ከትልልቆቹ ሆቴሎች መዋኛቸውን ለውጭ እንግዳ በክፍያ የሚከፍቱ ስላሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ይውሰዷቸው። የሎጁን ደስታ በአንድ ቀን ክፍያ ያገኙታል ማለት ነው፤ ትንሹን ሆቴል ይያዙ ስልዎት ይህን አስቤ ነው።

ሲደርሱ ሻንጣውን ከማውረድዎ በፊት ክፍሉን ይዩ። መዝገብ ላይ ፈርመው መታወቂያ ከሰጡና ገንዘብ ከከፈሉ በኋላ ክፍል ማስቀየር ይከብዳል፤ ከዚያ በፊት ግን ቀላል ነው። ቧንቧውን ይክፈቱ፣ የቦይለሩ መብራት ሲበራ ይመልከቱ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ይክፈቱ፣ ሽንት ቤቱን ይልቀቁ፣ መስኮቱ የሚዘጋ መሆኑን ይሞክሩ። የማይሆን ነገር ካገኙ በለስላሳ ቃል ለእንግዳ ተቀባዩ ይንገሩት። “እናቴ ደረጃ አይችሉም፣ እባክህ ወንድሜ” ያለ ሰው፣ ደንብ ከጠቀሰ ሰው ይልቅ የተሻለውን ክፍል ሲያገኝ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህን የምለው ማስመሰል እንዲያደርጉ አይደለም፤ እውነቱ ሳይነገር የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ነው።

ትንሹን ሆቴል አይያዙ የምልዎ በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው። እናትዎ ደረጃ ፈጽሞ የማይወጡ ከሆነና የሆቴሉ አልጋዎች ሁሉ ፎቅ ላይ ከሆኑ፣ ሁለቱን ሌሊት ሎጅ ውስጥ በምድር ቤት ክፍል ማሳለፉ ይሻላል፤ አራት ሌሊት ታስረው ከሚውሉ።

በመጨረሻው ቀን በረራዎ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ክፍሉን የሚለቁበትን ሰዓት ከዋዜማው ይነጋገሩ። ብዙዎቹ እስከ ቀትር ያስለቅቃሉ፤ ነገር ግን ሆቴሉ ካልሞላ አንዱን ክፍል ለእናትዎ ማረፊያ እስከ 9 ሰዓት ሊተዉልዎ ይችላሉ፤ ሻንጣዎቹም እንግዳ መቀበያው ዘንድ ይቆያሉ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስድዎትን መኪናም ከሆቴሉ ጋር ከዋዜማው ዋጋ ቆርጠው ይያዙት፤ ሰዓቱ ሲደርስ መንገድ ላይ ቆሞ መፈለግ፣ ልጅና ሻንጣ ይዞ፣ አድካሚ ነው።